ለጉልበቱ በነፃ፣ ለልቡ በክፍያ

«አምስት ዶላር እኮ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዳ ያገሬ ልጅ ነው። ጉልበቱ በአገልግሎት ላይ ስለተጎዳ 30 በመቶ የአካል ጉዳት ተወስኖለታል። በምሠራበት የቀድሞ ወታደሮች መድኃኒት ቤት መዝገቡን ስከፍት የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ከወሰደ ሰባት ወር አልፎታል፤ የጉልበቱን ማስታገሻ ግን አንዴም አላሳለፈም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እህቴ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ይሄኛው ምኔንም አያመኝም» አለኝ። ስለ አምስቱ ዶላር የተናገርኩት ያኔ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ማስታገሻው ነፃ የሆነው ጉዳቱ ከአገልግሎቱ ጋር ስለተያያዘ ነው። ልቡን የሚጠብቅለት ክኒን ግን ኮፔይ (ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ) አለው፤ የጉዳቱ መጠን 50 በመቶ አልሞላም፣ ገቢውም ከክፍያ ነፃ ከሚያደርገው ጣሪያ ያልፋል።

ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም ሥራዬን የሰማ ሁሉ «ለቬተራን፣ ለቀድሞ ወታደር፣ ሁሉም ነገር ነፃ አይደለም እንዴ?» ይለኛል። አይደለም። ስንቴ እንደመለስኩት እኔም ረስቼዋለሁ። ለምርመራና ለክትባት ብቻ የመጣ ሰው አይከፍልም፤ የደም ግፊት ልኬት፣ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ፣ የጉንፋን ክትባት ነፃ ናቸው። ክፍያው የሚመጣው ምርመራው አንድ ነገር ካገኘ በኋላ ነው። «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ብሎ መንገር በነፃ፣ ማውረጃው በገንዘብ! ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ የ30 ቀን መድኃኒት እንደየደረጃው 5፣ 8 ወይም 11 ዶላር ያስከፍላል፤ የዓመቱ ጣሪያ 700 ዶላር ነው።

የበለጠ የሚያናድደኝ ሌላው ነው። በ2010 የወጣው፣ ሕዝቡ ኦባማኬር የሚለው ሕግ፣ የግል መድን ድርጅቶች ጥቅማቸው የተመሰከረላቸውን የመከላከያ አገልግሎቶች ያለ ኮፔይ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ለልብ ሕመም ለተጋለጡ ሰዎች የሚታዘዘው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ስታቲን፣ አለበት፤ የወሊድ መከላከያም አለበት። ግዴታው ግን የቀድሞ ወታደሮችን ሕክምና አይጨምርም። ቢሮ የምትሠራ ሴት የወሊድ መከላከያዋን በመድኗ ያለ ክፍያ ስትወስድ፣ ዩኒፎርም ለብሳ ያገለገለች እህቷ ልትከፍል ትችላለች።

«ትንሽ ሲከፍል ነው ሰው መድኃኒቱን የሚያከብረው» የሚሉኝ ደግሞ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ይህ ግምት ተፈትኖ ወድቋል። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ1970ዎቹ ጀምሮ በ1982 የጨረሰው ትልቁ የጤና መድን ሙከራ፣ ክፍያ ሲጣል ሰው የማያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም ሕክምና በዚያው መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የቀድሞ ወታደሮች የመድኃኒት ኮፔይ በየካቲት 2002 ከ2 ወደ 7 ዶላር ሲያድግ፣ በፊላደልፊያ የተጠኑት ታካሚዎች የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን ክፍያው ከማይነካቸው የበለጠ አቋረጡ፤ ልባቸው ከፍተኛ አደጋ ላይ ያለው ታካሚዎች ሳይቀሩ። ጭማሪው አምስት ዶላር ነበር፤ እኔ ለዚያ ሰው የጠራሁለት ያው አምስት ዶላር።

የሚያም ነገር ራሱ ያስታውሳል፤ ሰው ተበድሮም ይገዛለታል። የማያመውን ነገር የሚያስታውስ ስለሌለ፣ ቤት ኪራይ በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። እኛ ደግሞ ዋጋ የምንጠይቀው በዚሁ ላይ ነው።

አንድ ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው መስኮቴ ላይ ብዙም አይመጣም። አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ሁሉም በዝቅተኛው ደረጃ ቢሆኑ እንኳ፣ በዓመት 240 ዶላር ነው።