የፔንታጎን ሰነዶች

የፔንታጎን ሰነዶች የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) አገሪቱ ከ1945 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በቬትናም ስለነበራት ሚና ያስጠናው ከፍተኛ ምሥጢራዊ ጥናት መጠሪያ ነው። ከአጥኚዎቹ አንዱ የነበረው ዳንኤል ኤልስበርግ በ1971 እ.ኤ.አ. ለጋዜጦች ስላደረሰው ይዘቱ ለሕዝብ ታወቀ። የመንግሥት ባለሙያ የአገር ምሥጢር ማውጣቱ መቼ ተገቢ ይሆናል ለሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ዋና ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥናቱ

ጥናቱን በጁን 1967 ያዘዘው የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ነው። በ1969 መጀመሪያ ሲጠናቀቅ 47 ጥራዞችና 7,000 ያህል ገጾች ነበሩት። በተከታታይ የመጡ መንግሥታት ስለ ጦርነቱ ለሕዝብና ለምክር ቤቱ የተናገሩት በውስጥ ከሚያውቁትና ከሚያቅዱት ጋር እንደማይገጥም ጥናቱ ያሳያል።

አወጣጡ

ኤልስበርግ የቀድሞ የማሪን መኮንን፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘና በራንድ ኮርፖሬሽን የሚሠራ ተመራማሪ ነበር። መጀመሪያ ጦርነቱን ይደግፍ የነበረ ቢሆንም ቬትናም ሄዶ ካየ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ከ1969 መገባደጃ ጀምሮ ከቀድሞ ባልደረባው ከአንቶኒ ሩሶ ጋር ሰነዱን በድብቅ አባዛ። በቅድሚያ ለሴናተር ዊልያም ፉልብራይት ሰጠ፤ ሴናተሩ ግን ይፋ አላደረገውም። ከዚያ በኋላ ለጋዜጠኛው ኒል ሺሃን አሳየ፤ ኒውዮርክ ታይምስም በጁን 13 ቀን 1971 ማተም ጀመረ።

የፍርድ ሂደት

መንግሥት ኅትመቱን በፍርድ ቤት እግድ አስቆመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በጁን 30 ቀን 1971 በ6 ለ3 ድምፅ ጋዜጦቹ ማተማቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ይህ ውሳኔ ጋዜጦቹን እንጂ ሰነዱን ያወጣውን ሰው አልጠበቀም። ኤልስበርግ በ1917ቱ የስለላ ሕግና በሌሎች ወንጀሎች ተከሶ እስከ 115 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችል ነበር። በሜይ 1973 ዳኛው ክሱን የዘጋው ድርጊቱ ተገቢ ነው ብሎ አልነበረም፤ የኋይት ሀውስ ሰዎች የኤልስበርግን የሥነ አእምሮ ሐኪም ቢሮ ሰብረው መግባታቸውና የስልክ ንግግሩ ያለ ሕግ መጠለፉ ስለታወቀ ነው።

የሥነ ምግባር ክርክር

ድርጊቱን የሚቃወሙ ወገኖች በሦስት ነጥቦች ይከራከራሉ። አንደኛ፣ ምሥጢር እንዲጠብቅ ቃል የገባ ሰው ቃሉን ማጠፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ያልተመረጠ አንድ ባለሙያ የትኛው ምሥጢር መውጣት እንዳለበት ብቻውን ሊወስን አይገባም። ሦስተኛ፣ ባለሙያው የሚያየው የነገሩን አንድ ክፍል ስለሆነ በወታደሮች ወይም በመረጃ ምንጮች ሕይወት ላይ የሚመጣውን ጉዳት አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው የባለሥልጣን ቀዳሚ ታማኝነት ለአለቆቹ ሳይሆን ለሕገ መንግሥቱ ነው ይላሉ። ስለ ጦርነት የተዋሸ ሕዝብ በድምፁ መሪዎቹን ሊቆጣጠር አይችልም፤ ምሥጢሩ የሚሸፍነው የመንግሥትን ጥፋት ሲሆን ደግሞ ዝም ማለትም በጥፋቱ እንደ መተባበር ይቆጠራል።

በሁለቱ መካከል ያሉት ድርጊቱን በአፈጻጸሙ ይመዝናሉ። የወጣው ነገር ከባድ ጥፋትን ያሳያል ወይ? አውጪው አስቀድሞ ሌላ መንገድ ሞክሯል ወይ? የሚያወጣውን መርጧል ወይ? ኃላፊነቱንስ ይቀበላል ወይ? ኤልስበርግ አስቀድሞ ወደ ሴናተር ሄዷል፤ የሰላም ድርድሩን እንዳያሰናክሉ ዲፕሎማሲን የሚመለከቱትን አራት ጥራዞች ለጋዜጦች አልሰጠም፤ በመጨረሻም ራሱ እጁን ሰጥቷል።

በ2013 የስለላ ፕሮግራሞችን ያጋለጠው ኤድዋርድ ስኖውደን ከአገር ስለወጣ በመጨረሻው መመዘኛ ተተችቷል። ኤልስበርግ ግን ለስኖውደን ተከራክሯል። የስለላ ሕጉ ተከሳሹ «ለሕዝብ ጥቅም ነው ያደረግሁት» ብሎ እንዲከላከል ስለማይፈቅድ፣ ለፍርድ መቅረብ ብቻውን የሐቀኝነት መለኪያ ሊሆን አይችልም ይል ነበር።

በኋላ

በ1971 መንግሥትን ወክሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረው ኤርዊን ግሪስዎልድ፣ ኅትመቱ በአገር ደኅንነት ላይ ጉዳት ስለማድረሱ ምንም ምልክት እንዳላየ በ1989 ጽፏል። ጥናቱ በ2011 ሙሉ በሙሉ ከምሥጢርነት ወጣ። ኤልስበርግ በጁን 2023 በ92 ዓመቱ አረፈ።