ኬሞ የጎዳው ኦቫሪ ያገግማል?

የካርቱሙ ዴም ለብዙ ዓመታት የሐበሾች ሰፈር ነበር። እዚያ ካንሰር የተገኘባት ሴት ደጅ የምትጠናው «ዘራ» በሚባለው የከተማዋ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ማዕከሉ ሥራ አቆመ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ። ካርቱምም ታከመች አዲስ አበባ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስዳ ከካንሰር የተረፈች ወጣት አንድ ጥያቄ አይቀርላትም፦ ልጅ እወልድ ይሆን?

ሴት ልጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላሎች ይዛ ትወለዳለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህሉ ይቀሯታል። ያለቀው አይተካም። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች በማደግ ላይ ያሉትን እንቁላሎች ይገድላሉ፤ የተኙትን እንቁላሎች ዲኤንኤ ይሰብራሉ፤ እንቁላሎቹ ያሉበትን የኦቫሪን ደም ስሮችም ይጎዳሉ። ጉዳቱ በዕድሜና በመድኃኒቱ መጠን ይለያያል። የወር አበባ ከወራት በኋላ የሚመለስላቸው አሉ፤ ጭራሽ የሚቀርባቸውም አሉ።

ተመራማሪዎች ከአጥንት መቅኔ፣ ከስብና ከእትብት የወሰዷቸውን ስቴም ሴሎች (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎች) ኬሞ በጎዳቸው አይጦች ላይ ሞክረው ሆርሞናቸው ሲያንሰራራ አይተዋል። ሴሎቹ ግን እንቁላል አይሆኑም። ዘሪ ሳይሆኑ ውኃ አጠጪ ናቸው፦ በሚያመነጩት ንጥረ ነገር ደም ስር እንዲበቅል፣ የተረፉት እንቁላሎችም እንዲነቁ ያግዛሉ። የተረፈ እንቁላል ከሌለ የሚያነቁት የለም።

የቻይናዋ ናንጂንግ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ኦቫሪያቸው ያለጊዜው ለደከመ ሴቶች የእትብት ስቴም ሴል ሰጥተው እርግዝና መገኘቱን ዘግበዋል። ሆኖም እንዲህ ካሉ ሴቶች ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ሕክምናም ያረግዛሉ። ስለዚህ ያልታከሙ ሴቶችን በማነጻጸሪያነት ያልያዘ ጥናት ውጤቱ የሴሎቹ ነው ለማለት አያስችልም።

ኮኪውቴን፣ ሜላቶኒንና ዲኤችኢኤ የተባሉት ማሟያ እንክብሎችም የሞተ እንቁላል አያስነሱም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የጡት ካንሰር ጥናት በኬሞ ወቅት አንቲኦክሲዳንት የወሰዱ ሴቶች ላይ በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ብሎ መታየቱን አመልክቷል።

የተፈተነው መንገድ ከኬሞው በፊት ያለው ነው። አንዱ እንቁላል ወይም ፅንስ አቀዝቅዞ ማቆየት ነው። ሌላው ጎሰረሊን የተባለው መርፌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የጡት ካንሰር ጥናት የኦቫሪን መክሰም ከ22 ወደ 8 በመቶ አውርዷል። ኬሞ ልትጀምሪ ከሆነ የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሐኪምሽን «መውለድ እፈልጋለሁ፤ ምን ይደረግ?» ብለሽ ጠይቂ። ሕክምናውን ከጨረስሽና የወር አበባሽ ከቀረ ደግሞ ለስቴም ሴል ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሆርሞንሽንና አጥንትሽን አስመርመሪ።