ኦሪጂናል ቦርድ ወይስ ፒሲ? የአርኬድ መኪና በድሬዳዋ ሙቀት

ጌም ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፕሌይስቴሽን የተደረደረበትን፣ ደጁም ላይ ጆተኒ የቆመበትን ቤት ነው። በሌላው ዓለም ግን ከፕሌይስቴሽን በፊት እንደ ቁም ሣጥን የሚቆም፣ ስክሪኑና መጫወቻ ዘንጉ አብረው የተገጠሙለት፣ ሳንቲም የሚበላ የጨዋታ መኪና ነበረ፤ አርኬድ ይባላል። አንድ ተማሪ ብዙ ጨዋታ የሚይዝ አርኬድ በድሬዳዋ ልሥራ ቢል ሁለት መንገድ አለው፤ የጥንቱን ቦርድ ፈልጎ መትከል፣ ወይም በተራ ፒሲ ላይ የቦርዱን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ማለትም ኢሙሌተር፣ ማስኬድ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ናምኮ ያወጣው ፓክማን የሚሠራው ዚ80 በተባለ ፕሮሰሰር ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ሰዓት በሴኮንድ 3,072,000 ጊዜ ይመታል። ኢሙሌተሩ የዚ80ን ትእዛዞች አንድ በአንድ እያነበበ ፒሲው በሚገባው ቋንቋ ይፈጽማቸዋል፤ አስተርጓሚ ነው ማለት እንችላለን። ከነዚህ ፕሮግራሞች ዝነኛው ሜም እ.ኤ.አ. በ1997 በጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን ያስኬዳል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የኤስኤንኬ ኒዮ ጂዮ፣ ብዙ ጨዋታ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ኦሪጂናል መኪና ሆኖ ሳለ፣ ቢበዛ የሚቀበለው ስድስት ካርትሪጅ ነበር።

አስተርጓሚ ግን ይዘገያል። ፓክማን በሴኮንድ 60.6 ምስል ሲያወጣ የተለመደው የፒሲ ስክሪን የሚያሳየው 60 ነው። ትርፉ ሲጠራቀም በየ1.65 ሴኮንዱ አንድ ምስል ይዘለላል፤ አለዚያም ጨዋታው በጥቂቱ እንዲዘገይ ይደረጋል። ቁልፍ ተጭነን ውጤቱን በስክሪኑ እስክናይ የአንድ ምስል መዘግየት እንኳ ወደ 17 ሚሊሴኮንድ ነው። ተራ ተጫዋች ላያስተውለው ይችላል፤ እጁ በኦሪጂናሉ የሠለጠነ ሰው ግን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንምጣ። በቦርዶቹ ላይ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በደጋ ከተማ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ካፓሲተር በዝግ ሣጥን ውስጥ በድሬዳዋ የበጋ ሙቀት ፈጥኖ ይደርቃል። ከጃፓን የመጣ መኪና ደግሞ ለ100 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከ220 ቮልት መስመር ጋር ማገናኘት ማቃጠል ነው። የመብራት መጥፋት ጉዳይ ግን ለኦሪጂናሉ ያደላል። ፕሮግራሙ የተቀመጠው በማይፋቅ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ መብራቱ እንደተመለሰ በጥቂት ሴኮንድ ይነሣል፤ ፒሲው ግን በድንገት ሲጠፋ የሃርድ ዲስኩ ፋይሎች ሊበላሹበት ይችላሉ።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰላት የባቡር ሐዲድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡር መለዋወጫ ቢጠፋ በዎርክሾፕ ቶርኖ ላይ ይቀረጻል። መሠራቱ የቆመ ቺፕ ግን በቶርኖ አይቀረጽም! ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሲፒኤስ-2 ነው። የጨዋታው ምሥጢራዊ ቁልፍ በባትሪ በሚጠበቅ ሜሞሪ ውስጥ ስለተቀመጠ ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፤ ቦርዱም መሥራት ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2007 የምሥጢር አጻጻፉን የፈቱት በኢሙሌተር ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሞቱ ቦርዶች ዳግም እንዲሠሩ ማድረግ ተችሏል። ቅጂው ዋናውን አዳነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለድሬዳዋው ሣጥን ፒሲውን እንመርጣለን፤ ነገር ግን ከዩፒኤስ ጋር፣ አየር ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ ቢቻል በአሮጌ ባለ ቱቦ ስክሪን። የጨዋታዎቹ ቅጂ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ንብረት መሆኑን ሠሪው ይወቅ፤ ሜም በነጻ መገኘቱ ጨዋታዎቹን ነጻ አያደርጋቸውም። ኦሪጂናል ቦርድ በእጁ የገባ ካለ ደግሞ ለጨዋታ ከመሰካቱ በፊት ባትሪውን ይመርምር፤ ቺፖቹም ባለ መስኮት ከሆኑ መስኮታቸውን በወረቀት ይሸፍን፤ የድሬዳዋ ፀሐይ በሳምንታት ውስጥ ልታጠፋቸው ትችላለች።