ሐዲዱ ምሽግ የሆነ ባቡር

ከአስመራ ተነስቶ፣ በከረንና በአቆርዳት በኩል አድርጎ፣ እስከ ቢሻ ድረስ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርድ የባቡር መስመር ነበር። ዛሬ ባቡሩም ሐዲዱም የለም። ድልድዮቹ፣ ዋሻዎቹ፣ ተራራ ተቆርጦ የተደለደለው መሬትና የጣቢያ ቤቶቹ ግን በየቦታቸው አሉ። ስለ ኤርትራ ባቡር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከምጽዋ ወደ አስመራ ስለሚወጣው፣ ፎቶግራፍ ስለማይጠገበው የምሥራቅ ክንፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ተነቅሎ ወደ ቀረው ወደ ምዕራቡ ክንፍ ያዘነብላል። ሆኖም አንዱን ያለ ሌላው መተረክ አይቻልም፤ የሁለቱም መነሻ ምጽዋ ነውና።

የታሪኩ ምክንያት ደግሞ ራስ አሉላ ናቸው። ጣሊያኖች ምጽዋን ከያዙ በኋላ ወደ መሀል አገር ገፍተው ሰሃጢ ላይ ምሽግ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለዚያ ምሽግ ስንቅና ረዳት ጦር ይዞ የሄደውን 500 ያህል የጣሊያን ወታደር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። ሮም የተማረችው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሰሃጢ ባለው በረሃ ላይ ውኃና ጥይት በሰውና በበቅሎ ጀርባ ማመላለስ አያዋጣም። በዚያው ዓመት ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። በ1888 ዐፄ ዮሐንስ ታላቅ ጦር አስከትተው ሰሃጢ ድረስ ሲወርዱ ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው ወጥተው አልገጠሟቸውም። 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው አዲስ ሐዲድ የሚፈልጉትን ሁሉ ያስመጡ ስለነበር ለመውጣት የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ምሽጉን ሳይወጉ ተመለሱ። በእኔ አስተያየት ይህ ሐዲድ በዚያ ሰሞን የሠራው ሥራ በታሪክ መጻሕፍታችን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ከዐድዋ ሽንፈት በኋላ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ የቅኝ ግዛቲቱ የመጀመሪያው ሲቪል ገዥ ሆኖ መጣና ግንባታው እንደገና ነፍስ ዘራ። ባቡሩ በ1904 ጊንዳ፣ በ1910 ነፋሲት፣ በ1911 መጨረሻ አስመራ ገባ። የእኛው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ስለሆነ አስመራ በስድስት ዓመት ቀደመች ማለት ነው። ርቀቱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት። 30 ያህል ዋሻ የተቦረቦረው ለዚህ ነው።

ገደል ለገደል መጠምዘዝ ሲያስፈልግ ሐዲዱ ጠባብ ይሆናል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የድሮው የጅቡቲ ባቡር አንድ ሜትር፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር ለመሥራት መሐንዲሶች ማሌ የተባለውን ዓይነት መረጡ። ማሌ በአንድ ረጅም ቦይለር ሥር ሁለት የመንኮራኩር ክፍል አለው። የኋለኛው ክፍል ከባቡሩ አካል ጋር የጠበቀ ነው፤ የፊተኛው ግን ለብቻው ይዞራል። ስለዚህ ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፊቱ ቀድሞ ይታጠፋል። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ በከፍተኛ ግፊት የኋለኛዎቹን ሲሊንደሮች ይገፋል፣ ከዚያ ግፊቱ ቀንሶ ወደ ፊተኞቹ ይተላለፋል። የፊተኞቹ ሲሊንደሮች የሚሰፉት የላላ እንፋሎት ተመሳሳይ ጉልበት እንዲሰጥ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ከእነዚህ ባቡሮች መካከል ጄኖዋ ያለው የአንሳልዶ ኩባንያ በ1938 የሠራቸው ይገኙበታል። ለመንገደኛ ደግሞ አፍንጫው እንደ መኪና የወጣ፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ሊቶሪና ነበር፤ የአስመራ ልጅ የሆነ አንባቢ ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ወደ ምዕራብ የሚወስደው ሥራ የቀጠለው አስመራ ከተገባ በኋላ ነው። በ1922 ከረን፣ በ1920ዎቹ ማለቂያ አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ተደረሰ። ዕቅዱ እስከ ተሰነይ ሄዶ ሱዳን ጠረፍ መድረስ ነበር። ለምዕራቡ ቆላ ምርት መውጫ፣ ለሱዳንም ንግድ ወደ ምጽዋ መግቢያ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። በ1935 ግን ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሳ ገንዘቡም ጉልበቱም ወደዚያ ዞረ፤ ሐዲዱ ቢሻ ላይ ቆመ። ከስድስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ከሱዳን በኩል ከከሰላ ተነስተው እስከ ተሰነይ የራሳቸውን ሐዲድ ዘረጉ። ሁለቱ ሐዲዶች አልተገናኙም። ቢገናኙም ኖሮ የእንግሊዞቹ 1,067 ሚሊ ሜትር ስለነበረ አንዱ በሌላው ላይ መሄድ አይችልም ነበር። ከአቆርዳት ወደ ቢሻ የሚሄደውም ቁራጭ ዕድሜው አጭር ሆነ።

ከቀሩት ነገሮች ሁሉ ትልቁን ታሪክ የተሸከመው ከአቆርዳት ወደ ከረን በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ ዋሻ ነው። በ1941 መጀመሪያ ከሱዳን የገባው የእንግሊዝ ጦር፣ አብዛኛው ሕንዳዊ ወታደር ሆኖ፣ ከረን ደጃፍ ላይ ሰባት ሳምንት ያህል ቆመ። መኪና የሚያልፍበት የዶንጎላስ ጠባብ ሸለቆ በፈረሰ ድንጋይ ተዘግቷል፤ ግራና ቀኙን ያሉት ተራሮች በጣሊያን ወታደሮችና በሥራቸው በተሰለፉ ኤርትራውያን ወታደሮች ተይዘዋል። ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ የተራራውን ጎን ይዞ የሚሄደው የባቡር መስመር ግን ነበረ። በመጋቢት መጨረሻ ከንጋት በፊት እግረኞች ከባቡሩ ዋሻ ወጥተው ከፊት ለፊታቸው ያሉትን ጉብታዎች በድንገት ያዙ። መሐንዲሶቹ የተዘጋውን መንገድ መጥረግ የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከረንም በቀናት ውስጥ ወደቀች። ከዚያ አስመራና ምጽዋ ተከተሉ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ስንቅ ለማመላለስ የተጀመረ የሐዲድ ሥራ ወራሪውን ራሱን ከተራራ ያወረደ መንገድ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ባቡሩ በእንግሊዝ አስተዳደር፣ ከ1952 ጀምሮም በፌዴሬሽኑና በኢትዮጵያ መንግሥት ዘመን ሲሠራ ቆየ። መኪና ጭነቱን እየተሻማው ቢመጣም እስከ አቆርዳት ይሄድ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን የኤርትራ የነጻነት ጦርነት መስመሩን ዘጋው። ከመዘጋቱ የባሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሐዲዱ ለሁለቱም ወገን ጥሩ የምሽግ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ረጃጅሞቹ ብረቶች በጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድመው እንደ ወራጅ ያገለግላሉ፤ በላያቸው ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ አፈር ይደለደላል። ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች እዚህ መስመር ላይ ከእንጨት ሳይሆን ጎባጣ ሆኖ ከተሠራ ብረት የተቀረጹ ስለነበሩ፣ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ጣሪያና ግድግዳ ሆኑ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ መካከል በዚያ ብረት ሥር ያደሩ ሰዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

ነጻነት ከተገኘ በኋላ ብረቱ እየተለቀመ መመለስ ጀመረ። በ1994 መንግሥት ሥራውን ለውጭ ኩባንያ ሳይሰጥ በራስ ጉልበት ለመሥራት ወሰነ። የሚሠራውን የሚያውቁት ግን ጡረታ የወጡት የቀድሞ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። የሐዲድ አንጣፊዎች፣ ባቡር ነጂዎች፣ ቀጥቃጮች፣ አንዳንዶቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች፣ ተጠርተው መጡ። የዛገ ቦይለር ፈትተው ገጠሙ፤ የሌለውን መለዋወጫ በአስመራው ወርክሾፕ ቀጥቅጠው አወጡ፤ በሥራው ላይ ለተመደቡት ወጣቶችም አስተማሩ። በ2003 ባቡሩ ከምጽዋ አስመራ ድረስ እንደገና ወጣ። በዚህ ዘመን በአፍሪካ ከተሠሩት የጥገና ሥራዎች ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የተመለሰው ብረቱ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሙያውም ጭምር ነበርና።

ምዕራቡ ግን አልተመለሰም። ከአስመራ እስከ አቆርዳት ያለው 190 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሐዲድ አልባ ሆኖ ቀርቷል። የከረን ባቡር ጣቢያ ከተዘጋ በኋላ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። ሰው ትኬት ቆርጦ የሚሄድበት ቦታ መሆኑ ስላልቀረ፣ ከተተዉት ጣቢያዎች ሁሉ ዕድለኛው እሱ ነው። በሌላ ቦታ የድንጋይ ድልድዮቹ ምንም ሳይሸከሙ ቆመዋል። ድንጋዩ እየተጠረበ የተገጠመ ስለሆነ ብዙ አልተጎዳም፤ ጎርፍ የሚያሸሸው የውኃ መተላለፊያም እንዳለ ነው። ሐዲዱ የተነጠፈበት ቦታ ዝቅ ብሎ ሲታይ ለዓይን ያስታውቃል። የገበሬ መንገድ እንደ ልቡ ሽቅብ ቁልቁል ሲል፣ የባቡር መንገድ ግን ተዳፋቱን ጠብቆ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጉብታ ሲያጋጥመው ቆርጦ ያልፋል፣ ሸለቆ ሲያጋጥመው ሞልቶ ይሻገራል።

እነዚህን ሥራዎች ድንጋይ ጠርበው፣ ቋጥኝ ፈልጠው የሠሩት አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው። በየድልድዩ ላይ የእነርሱ ስም የለም። የምጽዋ ክንፍ ሽማግሌዎች ስለነበሩት ዳነ፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። ስለዚህ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በከረንና በአቆርዳት መስመር ላይ የሠሩ፣ በሊቶሪና የተጓዙ፣ ወይም በጦርነቱ ጊዜ ሐዲድ ከየት ነቅለው የት እንደወሰዱ የሚያስታውሱ ካሉ፣ ዛሬውኑ ጠይቋቸውና ጻፉት። የሥራ መታወቂያ፣ አሮጌ ትኬት፣ የጣቢያ ፎቶግራፍ በሳጥን ውስጥ ካለ፣ የማን እንደሆነና የት እንደተነሳ ከጀርባው ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት።