ሁለት ካርቡራተር ያለው ሞተርና የአየር መለኪያው

በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬው ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠምድ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ ትልሙ አይቀናም። ሁለት ካርቡራተር ያለው የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ካርቡራተር ለየድርሻው ሲሊንደሮች አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ያቀርባል። አንደኛው ከሌላው ይልቅ ብዙ አየር የሳበ እንደ ሆነ ግን የሞተሩ ግማሽ ሥራውን ሲሸከም ግማሹ ይለግማል። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ቤንዚን ያባክናል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል።

ይህ ጉዳይ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ከገለጸ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን የቤንዚን መኪና በጥገና ማቆየት ዋጋው ከፍ ብሏል። ሚዛኑ ለተዛባ ሞተር አዲስ ካርቡራተር የሸጠ ባለ ሱቅ ለዕለቱ ትርፍ ቢያገኝም፣ ሕመሙ ሳይድን የቀረበት ደንበኛ ተመልሶ ደጁን አይረግጥም።

ሥራው የሚከናወነው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ካንዴላው፣ የቫልቩ ክፍተትና የእሳቱ ጊዜ ይስተካከላሉ፤ እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር መንካት ድካም ነው። ቀጥሎም ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ የአየር ማጣሪያው ይነሣል፤ ሁለቱን ካርቡራተሮች የሚያገናኘው ዘንግም ይፈታል። ከዚያም የአየር መለኪያው በአንደኛው አፍ ላይ ተገጥሞ ቁጥሩ ይነበባል፤ በሁለተኛውም ላይ እንዲሁ ይደረጋል። ቁጥሮቹ እኩል እስኪሆኑ ድረስ የየካርቡራተሩ የሚኒሞ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል። በመጨረሻም ዘንጉ ተመልሶ ይታሠርና፣ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ያህል ከፍ ሲል ልኬቱ ይደገማል፤ በሚኒሞ እኩል የነበሩት ቤንዚን ሲሰጣቸው የተለያዩ እንደ ሆነ ጥፋቱ በዘንጉ ላይ ነውና። ብሎኑ እየዞረ ቁጥሩ አልታዘዝ ካለ፣ በካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን አየር እንዳያስገባ መመርመር ይገባል።

ሆኖም መለኪያው ሁሉን አያድንም። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍ ባለ አገር አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ ተብሎ የተመጠነ ካርቡራተርም በዚያ ቤንዚን ያበዛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መኪና ደግሞ በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። መለኪያው ሁለቱን ካርቡራተሮች እኩል ያደርጋል እንጂ የቤንዚኑን ብዛት አይቀንስም፤ ለዚህ የቤንዚኑን ማሳለፊያ ቀዳዳ በልኩ መለወጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መለኪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ገዢውን አስቀድሞ ይወቅ። በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ካርቡራተር የለውም፤ አንድ ካርቡራተር ብቻ ላለው ባጃጅም የሚያመዛዝነው ጓደኛ የለም። ዕቃው የሚፈለገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ለተሠሩት ባለ ትልቅ ሞተር የቮልስዋገን አነስተኛ አውቶቡሶች፣ ሁለት ካርቡራተር ላላቸው ሞተር ብስክሌቶችና ይህንን ለመሰሉት ነው። ለአንድ ጋራዥ አንድ መለኪያ ለብዙ ዓመት ይበቃል፤ ጓርኒሲዮንና ካንዴላ ግን ዘወትር ይፈለጋሉ። መለኪያውን ከነአሠራሩ አስረድቶ የሸጠ ነጋዴ፣ እነዚህን ሊገዛ የሚመለስ ደንበኛ አያጣም።