ቆረቆር ነው ወይስ ላሽ?

በጸጉር ማስተካከያ ቤት ተራ ስንጠብቅ ከምንሰማቸው ፍርዶች ሁሉ ፈጣኑ በራስ ቅል ላይ የሚሰጠው ነው። ጸጉሩ በክብ የተመለጠ ሰው ብቅ ሲል «ቆረቆር ነው፤ ምላጩ ያጋባብናል» ይባልና ወንበር ይነፈጋል። ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት እኛ ቆዳውን ቀረብ ብለን እንድናየው እንወዳለን።

ላሽ የወጣበት ስፍራ ልስልስ ነው፤ ቅርፊትም ቁስልም የለበትም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ጸጉሩን ሥር የሚያጠቃበት ሕመም ስለ ሆነ ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም። ብዙ ጊዜም ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። እንግዲህ ባለላሹን መሸሽ ግፍ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት እየፈተጉ ማቃጠሉም ቆዳውን ሊያቆስለው ይችላል።

ቆረቆር ግን የፈንገስ ሥራ ነው፤ ይልቁንም ሕፃናትን ይይዛል። ቆዳው ይቀረፋል፤ ጸጉሩም ከቆዳው አፍ ላይ ይሰበርና ጥቁር ነጥብ መስሎ ይቀራል። በማበጠሪያ፥ በቆብና በመላጫ ይጋባል። ፈንገሱ በጸጉሩ ዘንግ ውስጥ ስለሚሸሸግ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍ የሚሰጠው ግሪሴኦፉልቪን ወይም ሌላ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ይወሰዳል። ግሪሴኦፉልቪን ስብ ካለበት ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል።

የውድ መብራት የሚባለው መሣሪያ አንዳንዱን ፈንገስ አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ትሪኮፊቶን ቪዮላሴየም ግን አያበራም፤ ስለዚህ መብራቱ ምንም አላሳየም ተብሎ ልጁ ነጻ ነው አይባልም። ጸጉሩ ተነቅሎ በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ቆረቆር አንዳንድ ጊዜ አብጦ መግል ይቋጥራል፤ ብጉንጅ መስሏቸው በምላጭ የሚበጡት አሉ። መብጣቱ ፈንገሱን አያጠፋም፤ የሚዋጠው መድኃኒት ከዘገየ ግን ጠባሳ ይቀርና በዚያ ስፍራ ጸጉር ላይበቅል ይችላል።

ፎረፎር በክብ አይመልጥም፤ ራስን በጠቅላላው ያራግፋል እንጂ።

ለመሥሪያ ቤት አምሮ ለመቅረብ በየሳምንቱ ማጅራቱን በምላጭ የሚያስላጭ ጸጉረ ከርዳዳ ወጣት ደግሞ በዚያው ላይ ጠጣር እብጠቶች ሊያወጣ ይችላል። ይህም አይጋባም፤ ጊዜ ከተሰጠው ግን ጠባሳው እየደነደነ ይሄዳል። አስተካካዩን ምላጩን ትተህ ጥቂት አስረዝመህ በመቀስ ከርክም ቢለው ይሻለዋል፤ የሸሚዙ ኮሌታም አይጥበቅበት።