ሕልሜን ልዘውር ብዬ ዱካክ ተጫነኝ

ስልኬ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ። አላርሙን የሞላሁት ራሴ ነኝ። ፈተናም ጉዞም የለብኝም፤ ሕልሜን ልዘውር ብዬ ነው። ቲክቶክ ላይ «ሉሲድ ድሪም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሕልም እያያችሁ፣ ሕልም መሆኑን እዚያው ማወቅ ማለት ነው። ከተሳካ መብረር ሁሉ ይቻላል ይላሉ።

ነገሩ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ አገር፣ ሀል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለን ዎርስሊ የተባለ ሰው በተኛበት፣ ቀድሞ በተስማማው መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ለተመራማሪው ኪት ሄርን ምልክት ሰጥቷል። በ2021 በታተመ ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተኛ ወጣት «8 ሲቀነስ 6 ስንት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ዓይኑን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሶ መለሰ።

ለምን በዓይን? እንቅልፍ የሚሄደው በዙር ነው፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ቀላሉ፣ ቀጥሎ ጥልቁ፣ ከዚያ «ሬም» የሚባለው ይመጣል። ጥልቁ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ ሬም ግን ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ሉሲድ ድሪም አልፎ አልፎ በሌላው ደረጃ ቢያጋጥምም፣ ዋና ቤቱ ሬም ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንዳንነሳ አንጎል ሰውነታችንን ይቆልፈዋል። ዓይንና ትንፋሽ ብቻ ይቀራሉ።

የኔ አላርምም የሚያነጣጥረው ይህችን ሰዓት ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ነቃሁ፤ ሰውነቴ ግን አልነቃም። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ። በሩ ጋ የሆነ ሰው ቆሟል። ልጮህ ብል ድምፅ የለም።

ጠዋት ለእናቴ ስነግራት «ዱካክ ነው፤ አማትበህ ተኛ» አለችኝ። ሐኪሞች «ስሊፕ ፓራሊሲስ» ይሉታል፤ የሬም ቁልፍ ሳይከፈት አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ የሚመጣ ነው። እንቅልፍ ማጣትና መቆራረጥ ያባብሰዋል። ማለትም በየሌሊቱ በገዛ አላርሜ ስጠራው ነበር የከረምኩት! ቀን ክላስ ውስጥ ማንቀላፋቴ ሳይቆጠር።

አሁን አላርሙን አጥፍቻለሁ። ስልኬ ከአልጋዬ ርቆ ያድራል። ጠዋት ስክሪን ከማየቴ በፊት ያየሁትን ሕልም ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሕልምን ለማስታወስ ይረዳል፣ እንቅልፍም አይሰርቅም።

ዱካክ ከዚያ ወዲህ አንዴ መጥቷል። በሩ ጋ ያ ሰው ነበር። «ቁልፉ ዘግይቶ ነው» አልኩ በልቤ፤ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ጣቴ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሰውዬው የተሰቀለ ጃኬቴ ሆኖ አገኘሁት።